«አሸክሚኝ!» የእንጦጦ እንጨትና የዩ ስትሪት ክረምት

 

ሰሞኑን ዩ ስትሪት ላይ ከአንድ ሱቅ በር አጠገብ በላስቲክ የታሰረ ፍልጥ እንጨት ተደርድሮ ያየ ተማሪያችን «ቲቸር፣ ይሄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀን። «ለእሳት ነዋ!» አልነው። «ሂተር የላቸውም እንዴ?» አለ። ሳቅን፤ ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ በምንኖርበት አካባቢ ብዙ ሰው እንጨት የሚያነደው ለደስታ ነው፤ ፋየርፕሌስ ዙሪያ ለመቀመጥ ወይም ካምፒንግ ሄዶ ለመሞቅ። በአገራችን ግን በብዙ ቤት ማገዶ ከሌለ እንጀራም የለም፣ ወጥም የለም፣ ቡናም የለም።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናስተካክል። እዚህ «ክረምት» ስንላችሁ ስኖው ትዝ ይላችኋል አይደል? አዲስ አበባ ላይ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ። ያኔ እንጨቱ ሁሉ ይረጥባል። ገና የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ ማትነን አለበት። ጉልበቱ እዚያ ላይ ያልቅና ለሰው የሚተርፈው ጭስና እንባ ብቻ ይሆናል። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ ባለሙያ ሴት ሰኔ ሳይገባ ደረቅ እንጨትና ኩበት ከጣሪያ ሥር ታከማቻለች። እዚህም ጥሩ ፍልጥ የሚባለው ተፈልጦ ቢያንስ ስድስት ወር ነፋስ የመታው ነው።

(ወላጆች፣ ካምፒንግ የምትሄዱ ከሆነ እንጨት ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፤ እዚያው አካባቢ ግዙ። ከእስያ የመጣ ትንሽ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ፤ በ2003 ደግሞ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደረሰ። አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ጨርሷል። በማገዶ ውስጥ ተደብቆ ከስቴት ስቴት ይጓዛል።)

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው ትልቁ ተራራ ነው። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከዚያ ወርደው በ1879 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1886) አዲስ አበባን ቆረቆሩ። ከተማዋ በፍጥነት አደገች፤ ሰው በዛ፣ ምድጃም በዛ። በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ፣ ጥዱም ወይራውም፣ እየተቆረጠ አለቀ። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ከባድ ነበር፦ በማገዶ እጦት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር! ከተማዋን ያዳናት ባህር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ባህር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በፈረንጅ 1890ዎቹ ውስጥ ተተከለ። በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም ብለው የሚያሙት ብዙ ናቸው፤ ሐሜቱም ከእውነት የራቀ አይደለም። ቢሆንም ያለ እሱ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ላትኖር ትችል ነበር።

ታዲያ ያንን እንጨት ከተራራው ወደ ከተማው ማን አወረደው? አህያም አወረደ፣ መኪናም አወረደ፤ ሴቶችም በጀርባቸው አወረዱት። ከወላጆቻችሁ መካከል ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያደገ ካለ ጎንበስ ብለው ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ያስታውሳል። ከጀርባቸው ላይ ከቁመታቸው የሚረዝም የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አለ፤ ሰውየዋ ሳትታይ ሸክሙ ብቻ የሚራመድ ይመስላል። አንዱ ሸክም ሰላሳ፣ አርባ ኪሎ ይመዝናል። ኪሎ ካልገባችሁ እንዲህ አስቡት፦ ኢትዮጵያ ስትሄዱ እማዬ ሚዛን ላይ አስር ጊዜ የምታወጣው የምታወርደው ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። አንድ ተኩል ያህል ሻንጣ ጀርባችሁ ላይ አስራችሁ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ በእግር ውረዱ። ነገም እንደዚያው። ከመካከላቸው በእናንተ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶችም ነበሩ።

ሸክሙ ብቻ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጡ ጅብ አለ። ደኑ የመንግሥት ስለሆነ ዘበኛ ካገኛቸው እንጨቱን ይቀማቸዋል። ደኑ መጠበቅ የለበትም እያልን አይደለም፤ ግን የቀኑ እንጨት ከተወሰደ የቀኑ ዳቦም አብሮ ሄደ ማለት ነው። በ1990ዎቹ በፈረንጅ፣ ከእነዚህ ሴቶች የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ይዘው ሻርፕና ነጠላ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። ዙሪያው የተዘጋ ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃም መጣ፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ክፍት እሳት ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እናንተ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ጭራሽ እንጨት አይፈልግም። በ2020 እንጦጦ ላይ ትልቅ ፓርክ ተከፍቷል፤ ዛሬ ሰው ለሽርሽር ይወጣበታል።

በመጨረሻ የዛሬው ግሣችን። «ተሸከመ» ታውቃላችሁ። «አሸከመ» ማለትስ? ሸክሙን አንስቶ በሌላው ጀርባ ላይ መጫን ነው። አርባ ኪሎ ታስሮ መሬት ላይ ካለ ብቻን አንስቶ መቆም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹ ከጓደኛ ጋር ይሄዳሉ። አንዷ «አሸክሚኝ» ትላለች፤ ወንድ ልጅ ከሆነ «አሸክመኝ»፣ ትልቅ ሰው ከሆነ «ያሸክሙኝ»። ጓደኛዋ ሸክሙን ከኋላ ታነሳላታለች፣ ገመዱን በትከሻዋ ታሳልፍላታለች፣ «በይ ተነሺ» ትላታለች።

ቆይ፣ ሁሉም ተሸክመው ካለቁ የመጨረሻዋን ማን ያሸክማታል? እሷ ሸክሟን ከፍ ያለ ድንጋይ ወይም የመንገድ ዳር ላይ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ ትልና ገመዱን ደረቷ ላይ ታስራለች። ከዚያ ወደፊት አዘንብላ በጉልበቷ ትነሳለች። ሌሎቹ እስክትነሳ ድረስ፣ ሸክማቸው ጀርባቸው ላይ እንዳለ፣ ቆመው ይጠብቋታል።