ካርቱም ለቀረችው ሚስት

ከካርቱም በስደተኛነት ወደ ካናዳ የተሻገረ ባል ሚስቱን የሚያስመጣበት መንገድ ሁለት ነው። ከመጓዙ በፊት ስሟን በማመልከቻው ላይ አስመዝግቦ እንደ ሆነ፥ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ይጠይቅላት፤ የማመልከቻ ክፍያ አይጠየቅም፥ የጤና ምርመራዋንም ወጪ የካናዳ መንግሥት ይችላል። ዓመቱ ካለፈ ግን እንደ ማናቸውም ዋስ ከፍሎ፥ ለ3 ዓመት ሊያስተዳድራት ይፈርማል። ስሟን የደበቀማ ይህም ሊዘጋበት ይችላል። ጉዳዩ ይፋጠንልናል ብለው «ላጤ ነኝ» ለሚሉ ወንድሞቻችን እናዝናለን፤ ለሚስቶቻቸው ደግሞ ይብሱን።

የምርመራው ውጤት የሚጸናው ለ12 ወር ብቻ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ተመርምራ ጉዞዋን ትጠብቅ የነበረች ሚስት፥ ጊዜው ካለፈባት በሸሸችበት አገር እንደገና መመርመር ግድ ሆነባት።