ዌብሳይታችሁን ያለ ዳታ በስልካችሁ እዩት፤ ግን የከፈታችሁት ፎልደር የቱ ነው?

ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርጉት ገጹ ይከፈታል፣ ቀለሙም አለ፣ በተኑ ግን አይሠራም። ዌብሳይት መሥራት የጀመረ ሁሉ የሚያውቃት ነገር ናት። ብዙዎች ኮዳቸውን ሲያፈርሱ ያድራሉ።

ችግሩ ኮዱ ላይሆን ይችላል። የአድራሻ መስመሩን እዩት፤ «ፋይል» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል። ብሮውዘር ከዲስክ በቀጥታ የተከፈተን ገጽ አያምነውም። ገጹ ሌላ ፋይል ሲጠራ፣ ለምሳሌ የዋጋ ዝርዝር የያዘ ጄሰን ወይም በሞጁል የተከፋፈለ ጃቫስክሪፕት፣ ለደህንነት ብሎ ይከለክለዋል። ያው ፋይል በሰርቨር በኩል ሲመጣ ግን ያሳልፈዋል።

ሰርቨር ስንል ኪራይ የሚከፈልበት ማሽን እንዳይመስላችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ ፓይተን 3 ካለ ሰርቨሩ አብሮት አለ። ተርሚናል ከፍታችሁ ወደ ፕሮጀክታችሁ ፎልደር ግቡና ይህን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ ፓይተን፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር። (ማክና ሊኑክስ ላይ «ፓይተን» ከሚለው ጋር 3 ቁጥርን አጣብቁበት።) ከዚያ ብሮውዘር ላይ ሎካልሆስት ኮለን 8000። አለቀ። የዚህ ሰርቨር ሥራ የተጠየቀውን ፋይል ሳይጨምር ሳይቀንስ መስጠት ብቻ ነው።

እኛ የምንወደው ግን ቀጣዩን ነው። ስልካችሁና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ፣ በሎካልሆስት ፋንታ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ዊንዶውስ ፈቃድ ከጠየቀ ፍቀዱ። ገጹ ስልካችሁ ላይ ይመጣል፣ ከፓኬጃችሁም ምንም አይቆርጥም። ፎንት ወይም ላይብረሪ ከኢንተርኔት የሚጠራ ገጽ ከሆነ ግን ያ ክፍል ኢንተርኔት ይፈልጋል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ስልካችሁ ካየው፣ እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰውም ሊያየው ይችላል። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ኢንዴክስ የሚባል ፋይል የሌለበት ፎልደር ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ካስነሳችሁት የፓስፖርት ስካኑም፣ ሲቪውም፣ የግል ፎቶውም ለጎረቤት ጠረጴዛ ክፍት ነው።

ስለዚህ ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚሆን ፎልደር አዘጋጁ። የሕዝብ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ሁለት ሰረዝ፣ «ባይንድ»፣ ክፍት ቦታ፣ 127.0.0.1 ጨምሩ፤ ያኔ ከዚያው ላፕቶፕ ውጪ ማንም አያገኘውም፣ ስልካችሁም ጭምር። ስትጨርሱ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ ዝጉት።

ደንበኛ የሚገባበት ዌብሳይት በዚህ አይሠራም፤ የፓይተን ሰነድ ራሱም ለእንዲህ ያለ አገልግሎት አይመክረውም። ለንግድ ላልሆነ ገጽ ጊትሃብ ፔጅስ አለ፣ በነፃ።