«0 ዓመት» ከነፋስ መውጫ ሲታይ

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት»። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ይህችን መስመር ያየ አዲስ ምሩቅ ተስፋው ይለመልማል። ዝቅ ብሎ ሲያነብ ግን ሌላ መስመር ያገኛል፦ «በ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ጋር ይዛችሁ በአካል እንድትመዘገቡ»።

ምዝገባው ባሕር ዳር ነው፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያውም እሷ የወረታ–ወልድያ አስፋልት ላይ ስላለች ነው። የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ መጀመሪያ ዋናው መንገድ ላይ መድረስ አለበት። ለምዝገባ አንድ ጉዞ፣ ለጽሑፍ ፈተና ሌላ፣ ካለፈ ለቃለ መጠይቅ ሦስተኛ፤ በየጉዞው መሳፈሪያ፣ አልጋ፣ ምግብ። እነዚህ ወረዳዎች በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚደግፋቸው ናቸው። ልጁን በግ እየሸጠ ያስተማረ ገበሬ ለሦስተኛው ጉዞ የሚሸጠው በግ ላይኖረው ይችላል። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን በዛ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። አምስቱ ቀን ግን መቆጠሩን አያቆምም።

«ልምድ የለውም» የሚባለው ነገር ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። ምሩቁ እኮ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ውሎ የሌሎችን ማመልከቻ ይጽፋል፤ ሌላው መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያርማል፤ አንዷ የዘመድ ሱቅ ሒሳብ ትይዛለች። አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ሁለት ዓመት መዝገብ ይዛ ልምዷን ስታቀርብ፣ ልምድ የሚጠይቀው ማስታወቂያ «ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ ግብር የተከፈለበት» ይላታል። ሱቁ በስሟ የሥራ ግብር ከፍሎ አያውቅም። ሁለቱ ዓመት ወረቀት ላይ ዜሮ ሆነ። እኔ ይህን ፍትሕ አልለውም። ግብሩን መክፈል የነበረበት ቀጣሪው ነው፤ የምትቀጣው ግን እሷ ናት።

ቢያንስ ጉዞውን መቀነስ ይቻላል። ወረዳው ማኅተም አለው፤ ኮፒውን ከዋናው አመሳክሮ መላክ አያቅተውም። ፈተናውም ቢሆን አዲስ ነገር አይጠይቅም። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም እዚያው ግቢያቸው ተቀምጠው ይፈተናሉ። ለመመረቅ ደብረ ታቦር የተፈተነ ልጅ ለመቀጠር ባሕር ዳር ድረስ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም።