የዊኪፒዲያ ቁልፍ ያዦች እንዴት ይመረጣሉ?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን የቤት ሥራ ለመሥራት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከፍቶ ስለ አንድ አገር፣ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ የታሪክ ሰው ሲፈልግ፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ቀድሞ ብቅ የሚለው የዊኪፒዲያ ገጽ ነው። ልጁ ያነባል፣ ይገለብጣል፣ ለመምህሩ ያስረክባል። ለመሆኑ ያንን ገጽ ማን ጻፈው? ስህተት ቢገባበት ማን ያርመዋል? ሆን ብሎ ሊያበላሽ የመጣውን ሰውስ ከበሩ ላይ የሚመልሰው ማነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ማንም ሰው መጻፍ ይችላል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ዊኪፒዲያን በጥር 2001 ሲጀምሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መነሻ ሐሳባቸው ይኸው ነበር። ዛሬ በእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ይገኛሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ሲሆን፣ ብዙዎቹ እውነተኛ ስማቸውን እንኳ አይገልጹም።

የሚያንጸውም የሚያፈርሰውም በአንድ በር የሚገባበት ቤት ግን ጠባቂ ያስፈልገዋል። ይህንን ሥራ የሚሠሩት አስተዳዳሪዎች የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የእንግሊዝኛው ክፍል ወደ 800 ገደማ አስተዳዳሪዎች አሉት። እነዚህ ሰዎች በአለቃ የተሾሙ አይደሉም፤ የመረጧቸው አብረዋቸው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ይህ አመራረጥ እንዴት እንደሚካሄድና ሲበላሽ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ከዚያ ገጽ ለሚማር ልጅ ወላጅ ትርፍ ነገር አይመስለንም።

አስተዳዳሪ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ተራው ጸሐፊ የሌሉት ሦስት ዋና ዋና መሣሪያዎች አሉት። አንድን ገጽ ሙሉ በሙሉ መሰረዝ ይችላል። አንድን ገጽ ቆልፎ አዲስ ገቢዎች እንዳይነኩት ማድረግ ይችላል። ሲያበላሽ የተገኘን ሰውም ለሰዓታት፣ ለወራት ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ማገድ ይችላል። የሚያደርገው ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በመዝገብ ስለሚሰፍር ማንኛውም አንባቢ ገብቶ ሊያየው፣ ሌላ አስተዳዳሪም ሊሽረው ይችላል። ራሱ ወገን በሆነበት ክርክር ላይ ደግሞ መሣሪያውን እንዳይጠቀም ደንቡ ይከለክለዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። አስተዳዳሪው የጽሑፉ ይዘት ዳኛ አይደለም። ምን ይጻፍ፣ ምን ይውጣ የሚለውን የሚወስኑት ማስረጃ እያቀረቡ የሚከራከሩት ጸሐፊዎች ናቸው። አስተዳዳሪው በክርክሩ መካከል ሥርዓት እንዲከበር ያደርጋል እንጂ ድምፁ ከሌላው ጸሐፊ ድምፅ አይበልጥም።

ይህ ልዩነት ለእኛ ለሙስሊሞች ጎልቶ የታየው በ2008 መጀመሪያ ነበር። በእንግሊዝኛው ክፍል ስለ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ የጥንት ሥዕሎች መካተታቸው ያሳዘናቸው ከ100,000 በላይ ሰዎች ሥዕሎቹ እንዲወጡ የሚጠይቅ አቤቱታ በኢንተርኔት ላይ ፈረሙ። ብዙዎቹ ፈራሚዎች ጥያቄያቸው ለአንድ አለቃ ቀርቦ አለቃው ‹‹ይውጣ›› ወይም ‹‹አይውጣ›› የሚል መስሏቸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አለቃ ግን የለም። አስተዳዳሪዎች ያደረጉት ገጹ በየደቂቃው እንዳይሰረዝና እንዳይመለስ መቆለፍ ነበር፤ ሥዕሎቹም አልወጡም። ፊርማው ምንም ያህል ቢበዛ በዚያ ቤት ሚዛን የሚደፋው በውይይቱ ገጽ ላይ ገብቶ፣ ማስረጃ ይዞ፣ ዓመት ሙሉ የሚከራከር ሰው ቃል ነው። ውጤቱ የሚያስከፋን መሆኑ እንዳለ ሆኖ አሠራሩን ማወቁ ይጠቅማል።

ሰባት ቀን በአደባባይ

በሠፈራችን የእድር ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ መራጮቹ ሰውየውን ያውቁታል። በሐዘን ቤት ድንኳን ሲተክል አይተውታል፤ ብድር ወስዶ በቀኑ እንደመለሰ ያስታውሳሉ፤ ቤቱንም ልጆቹንም ያውቃሉ። የዊኪፒዲያ መራጮች ግን ከእጩው ፊት ጋር አይተዋወቁም። በእጃቸው ያለው ሥራው ብቻ ነው። እርሱ ግን ሙሉ በሙሉ አለ፤ እጩው በዓመታት ውስጥ የጻፈው እያንዳንዱ መስመር፣ ያረመው እያንዳንዱ ቃል፣ ተናድዶ የመለሰው እያንዳንዱ መልስ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

የእንግሊዝኛው ክፍል አሠራር በ2003 መልክ ከያዘ ወዲህ በዝርዝሩ ቢሻሻልም በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። እጩው ራሱን ያቀርባል ወይም ሌላ ሰው ይጠቁመዋል። ከዚያም ሦስት የተለመዱ ጥያቄዎችን በጽሑፍ ይመልሳል፦ ለምን አስተዳዳሪ መሆን ፈለግህ? ከሠራኸው ሥራ የተሻለው የትኛው ነው? ከሰው ጋር ተጋጭተህ ታውቃለህ፣ እንዴትስ ፈታኸው? በእኛ ግምት ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ‹‹ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም›› የሚል እጩ ወይ ብዙ አልሠራም ወይ እውነቱን አልተናገረም፤ መራጮችም ይህን አይስቱም።

ከዚህ በኋላ ለሰባት ቀናት ሁሉም በአደባባይ ይናገራል። የሚደግፍ ከነምክንያቱ፣ የሚቃወምም ከነምክንያቱ ይጽፋል፤ መሐል ሰፋሪም ቦታ አለው። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ የቁጣ ቃል ተቆፍሮ ሊወጣ ይችላል። ሰባቱ ቀናት ሲያበቁ ‹‹ቢሮክራት›› የሚል ማዕረግ የተሰጣቸው ነባር አባላት ውጤቱን ይመዝናሉ። ከደጋፊና ከተቃዋሚ ድምፆች ውስጥ ድጋፉ ከመቶ 75 ከበለጠ እጩው በአብዛኛው ያልፋል፤ ከ65 ካነሰ በአብዛኛው ይወድቃል። በመካከሉ ላሉት ቢሮክራቶቹ የተነሡትን ምክንያቶች ክብደት አይተው ይወስናሉ። ተራ የድምፅ ብልጫ፣ ማለትም 51 ከመቶ፣ በፍጹም አይበቃም። ገና በሩን የረገጠ ወጣት ቸኩሎ ራሱን ቢያቀርብ ደግሞ ሳያሳፍሩት ‹‹ጊዜው አልደረሰም›› ብለው ጉዳዩን ቀደም ብለው ይዘጉለታል።

እምነት የጎደለ ጊዜ

ሥራን ብቻ አይቶ መምረጥ ክፍተት እንዳለው በ2007 የታየው ነገር ያስረዳል። ‹‹ኤስጄይ›› በሚል ስም የሚጽፍ አንድ አሜሪካዊ በትጋቱ የተመሰገነ አስተዳዳሪ ነበር። ስለ ራሱ ሲናገር የነገረ መለኮት ዶክተርና የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነኝ ይል ነበር። ዘ ኒው ዮርከር የተባለው ታዋቂ መጽሔትም በ2006 ይህንኑ እውነት ብሎ አተመው። ኋላ ሲጣራ ሰውየው የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ፤ ዶክተርም ፕሮፌሰርም አልነበረም። መጽሔቱ እርማት አወጣ፤ ወጣቱም በመጋቢት 2007 ኃላፊነቱን ሁሉ ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ጂሚ ዌልስ የትምህርት ማዕረግ አለኝ የሚል ሰው ማስረጃ ያሳይ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጸሐፊዎቹ ግን አልተቀበሉትም። መከራከሪያቸው ማዕረጉ ከመጀመሪያውም ሚዛን ውስጥ መግባት አልነበረበትም የሚል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ትክክል የሚሆነው ፕሮፌሰር ስለጻፈው ሳይሆን የተመሠረተበት ምንጭ ስላለ ነው አሉ። ክርክሩ ውኃ ያነሣል። ይሁን እንጂ ወጣቱ የዋሸው በምንጭ ላይ ሳይሆን በራሱ ማንነት ላይ ነበር፤ በገዛ ማንነቱ የዋሸን ሰው ደግሞ ቁልፍ አስይዞ መተኛት ይከብዳል።

ከዚህ እጅግ የከፋው በክሮኤሽያ ቋንቋ ክፍል የደረሰው ነው። ቋንቋው ትንሽ፣ ጸሐፊዎቹም ጥቂት ናቸው። እርስ በርስ የተሳሰረ አንድ ቡድን የአስተዳዳሪነቱን ቦታ ያዘ። የሚቃወማቸውን ጸሐፊ በማገጃው መሣሪያ እያገዱ ያባርሩት ጀመር። የታገደ ሰው ደግሞ ድምፅ መስጠት ስለማይችል ቡድኑን በምርጫ የሚያወርደው ጠፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሮኤሽያን የገዛው የኡስታሻ መንግሥት የፈጸመው ግፍና የያሴኖቫትስ የእልቂት ካምፕ ታሪክ በዚያ ገጽ ላይ እየተለሳለሰና እየተሸፋፈነ ይቀርብ ነበር። በ2013 ጉዳዩ በጋዜጦች ሲወጣ የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ዤልኮ ዮቫኖቪች ተማሪዎች የክሮኤሽያኛውን ዊኪፒዲያ እንዳይጠቀሙ፣ በእንግሊዝኛው እንዲያነቡ መከሩ። አንድ ሚኒስትር ልጆች በገዛ ቋንቋቸው ከተጻፈ የዕውቀት መዝገብ እንዲርቁ ሲመክር ማየት ያሳዝናል።

ያም ሆኖ ቡድኑ ወዲያው አልወረደም። በ2021 ዊኪፒዲያን የሚያስተናግደው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው ነገሩ እስከ 2020 ድረስ ዘልቋል። አንድ ሰው በተለያዩ ስሞች እየገባ ድምፁን ሲያበዛ መቆየቱም የተጋለጠው ዘግይቶ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዓይኖች ባሉበት የእንግሊዝኛው ክፍል ይህን ያህል ዓመት መደበቅ ይከብድ ነበር፤ አሥርና ሃያ ሰው ብቻ በሚጽፍበት ቋንቋ ግን የአመራረጡ ደንብ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር የሚያስከብረው አይገኝም።

መራጩ ሲጠነክር እጩው ሸሸ

እንግዲህ መፍትሔው ምርጫውን ማጥበቅ ነው? እንግሊዝኛዎቹ እንዲሁ አሰቡ፤ ውጤቱን እነሆ። በ2007 በአንድ ዓመት ውስጥ 408 አስተዳዳሪዎች ተመርጠው ነበር። በ2021 የተመረጡት 7 ብቻ ናቸው። የሰባት ቀን ፍተሻው እየከረረ ሄዶ ‹‹ሲዖል ነው›› እስከመባል ደረሰ። በነጻ ለማገልገል የመጣ ሰው በአደባባይ ሲገላበጥ ያየ ሌላ ሰው ለምን ይቀርባል?

ሌሎች ቋንቋዎች የተለየ መንገድ ይዘዋል። ጀርመኖቹ ለሁለት ሳምንት ድምፅ ይሰጣሉ፤ ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። በአንጻሩ ከ2009 ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ 25፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ 50 ጸሐፊዎች ‹‹እንደገና ይመረጥ›› ብለው ከፈረሙ አስተዳዳሪው ተመልሶ ምርጫ ፊት ይቆማል። ስዊድኖቹ ደግሞ አስተዳዳሪያቸውን የሚመርጡት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። መግቢያው የቀለለው መውጫው ስላለ ነው። እንግሊዝኛው ክፍል ግን ለረጅም ዓመታት አንዴ የተመረጠውን ሰው በቀላሉ የሚያወርድበት በር አልነበረውም፤ መራጮቹ ክፉኛ የጠነከሩትም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። የዕድሜ ልክ ቁልፍ የሚሰጥ ሰው ይጠራጠራል።

በ2024 ይህንን ተረዱትና ሁለት ነገር ለወጡ። አንደኛ፣ 25 ነባር ጸሐፊዎች በአንድ ወር ውስጥ ከፈረሙበት አስተዳዳሪው አመኔታውን በድጋሚ እንዲጠይቅ ይገደዳል። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በምስጢር ድምፅ የሚሰጥበት ምርጫ ለሙከራ አካሄዱ። 32 እጩዎች ቀረቡ፤ 70 ከመቶ አግኝተው ያለፉት 11 ነበሩ። በአንድ ምርጫ 11 ማለት በ2021 ዓመቱን ሙሉ ከተመረጡት ይበልጣል። የወደቁት 21 ሰዎች ለምን እንደወደቁ ግን አልተነገራቸውም፤ በአደባባዩ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ጉድለታቸውን እየመረራቸውም ቢሆን ይሰሙ ነበር።

የአማርኛውስ?

የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15,000 ያህል ጽሑፎች አሉት። እንዲህ ባለ ትንሽ ክፍል ቢሮክራት ከሌለ አስተዳዳሪ መሆን የሚፈልግ ሰው በዚያው በአማርኛው ገጽ ላይ ሐሳቡን አቅርቦ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ይጠብቃል፤ ጸሐፊዎቹም ይወያዩበታል። ከዚያም ‹‹ስቲዋርድ›› የሚባሉት፣ የሁሉንም ቋንቋዎች ክፍሎች የሚረዱ በጎ ፈቃደኞች ውይይቱን አይተው ሥልጣኑን ይሰጡታል። መራጩ ጥቂት ከሆነ የሚሰጡት ለወራት ብቻ ነው፤ ወራቱ ሲያልቁ እንደገና ይጠይቃል። ስቲዋርዶቹ ራሳቸው በየዓመቱ በየካቲት ገደማ የሚመረጡ ሲሆን፣ ቢያንስ 30 የድጋፍ ድምፅና 80 ከመቶ ማግኘት አለባቸው። አማርኛ ማንበብ ግን ግዴታቸው አይደለም። ‹‹ይህ ሰው ታማኝ ነው›› ወይም ‹‹አይደለም›› የሚለውን የሚያውቁት በገጹ ላይ ከሰፈረው የአማርኛ ጸሐፊዎች ቃል ነው፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ሰው ብቻ ከጻፈ፣ ያላቸው የእነዚያ የሁለቱ ቃል ነው።