የረዥም ሌሊት አበቦች

አበቦች የሚፈኩት ዝናብ ስለጠገቡ ወይም ፀሐይ ስለሞቃቸው ነው የሚለው የተለመደ ግምት ለብዙ ዕፀዋት የሚሠራ ቢሆንም፣ በመፀው፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ድረስ ባለው ወቅት፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጓሮዎችም ሆነ በየቤቱ መስኮት ሥር ጎልተው የሚታዩትን አበቦች ግን አያስረዳም። በእነዚህ አገሮች ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበትና ብርሃኑ ከቀን ወደ ቀን በሚያጥርበት ጊዜ ክሪሳንቲመም በጓሮ፣ ፖይንሴቲያ በሳሎን ማበባቸው በመጀመሪያ ሲታይ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የመፀው አበቦች ዋና ቀጠሯቸው ከሌሊቱ ርዝመት ጋር በመሆኑ፣ ይህን ጠባያቸውን የተረዳ አትክልተኛ፣ አትክልት ለሱ መዝናኛ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ውኃና ማዳበሪያ ብቻ ከሚቆጥረው ይልቅ ለውጤት ይቀርባል።

ነገሩ የታወቀው በትምባሆ ማሳ ላይ ነው። በዋሽንግተን አቅራቢያ በነበረ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሙከራ እርሻ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ፣ «ሜሪላንድ ማሞዝ» የሚባለው የትምባሆ ዝርያ ሞቃታማውን ወራት በሙሉ ከሰው ቁመት በላይ እየረዘመ ሳያብብ ሲከርም፣ በቀዝቃዛው ወራት በመስታወት ቤት ውስጥ ግን ገና ለጋ ሳለ ማበቡን ያስተውላሉ። ሙቀቱን፣ አፈሩንና እርጥበቱን እየለዋወጡ ምክንያቱን ፈልገው ስላጡት፣ በረዥሙ የሰኔና የሐምሌ ቀን ተክሎቹን ከቀትር በኋላ ወደ ጨለማ ጎጆ እያስገቡና በማግስቱ ጠዋት እያወጡ ቀኑን በሰው እጅ ቢያሳጥሩባቸው፣ ትምባሆው አበበ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ለብርሃንና ለጨለማ ርዝመት ምላሽ የመስጠት ጠባይ ፎቶፔሪዮዲዝም ብለው ሰየሙት፤ ቀኑ ሲያጥር የሚያብቡትም አጭር ቀን ፈላጊ፣ ሲረዝም የሚያብቡት ደግሞ ረዥም ቀን ፈላጊ ተባሉ።

ስያሜው ግን ትንሽ አሳሳች ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1938 ካርል ሃምነርና ጄምስ ቦነር እንዳሳዩት፣ ረዥሙ ሌሊት በመካከሉ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በመብራት ቢቋረጥ ተክሉ ሌሊቱን እንደ አጭር ስለሚቆጥረው ሳያብብ ይቀራል፤ በአንጻሩ ቀኑ በመካከሉ በጨለማ ቢቋረጥ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ከዚህ እንደሚታየው ተክሉ የሚለካው ያልተቋረጠውን ጨለማ ነው። ብርሃኑን ከጨለማው የሚለይበት ፋይቶክሮም የሚባል፣ በቅጠል ውስጥ የሚገኝና ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ጠባዩን የሚለውጥ ፕሮቲን ሲሆን፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ከተክል ለይተው ሊያወጡት ችለዋል። የሳሎን መብራት እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ አጭር ቀን ፈላጊ አበባ ዓመት ከዓመት ቅጠል ብቻ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአጭር ቀን ፈላጊዎቹ ሁሉ በታሪክም በዓይነትም የሚልቀው ክሪሳንቲመም ነው። መነሻው ቻይና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ427 የሞተው ባለቅኔው ታኦ ዩዋንሚንግ ከሹመት ሸሽቶ በገጠር ጎጆው አጥር ሥር ካሳደገው ወዲህ ከዓለም ግርግር የራቀ ሰው ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን በሚከበረው በዓልም ቻይናውያን አበባውን ይጎበኛሉ፤ ወይን ውስጥም ይነክሩታል። ጃፓን የደረሰው ከዚያው ሲሆን፣ አሥራ ስድስት ቅጠል ያለው ቅርጹ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ማኅተም ለመሆን በቅቷል። ወደ ፈረንሳይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1789 ፒየር ብላንካር በተባለ የማርሴይ ነጋዴ አማካይነት ሲሆን፣ እዚያ የሚያብብበት ጊዜ በኖቬምበር መጀመሪያ ከሚውለው የሙታን መታሰቢያ ጋር ስለገጠመ የመቃብር አበባ ሆኖ ቀርቷል። በፓሪስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በፈረንሳዊ ቤት እራት ቢጠራና ደማቁን ቢጫ ክሪሳንቲመም ታቅፎ ቢሄድ፣ አስተናጋጆቹ በጨዋነት ቢቀበሉትም መደንገጣቸው አይቀርም።

ክሪሳንቲመም የአደይ አበባና የኑግ ዘመድ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሲሆን፣ በመካከሉ የሚታየው ቢጫ ክብ እያንዳንዳቸው ፍሬ ሊያፈሩ በሚችሉ ቱቦ መሰል አበቦች የተሞላ፣ ዙሪያውን የሚከብቡት ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። አዳቃዮች በብዙ ዘመን ሥራ የዳሩን ዓይነት አበባ ወደ መሐል እያበዙ፣ ዛሬ በገበያ የሚታየውን እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ክሪሳንቲመም አውጥተዋል።

በቅዝቃዜ አገር ጓሮ ክሪሳንቲመም የሚያለማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በግዢው ጊዜ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ በሙሉ አበባው ተገዝቶ የሚተከለው ተክል ኃይሉን በአበባው ላይ ስለጨረሰ፣ ምድሩ ከመቀዝቀዙ በፊት ሥር ለመስደድ ጊዜ አያገኝም፤ በበረዶው ወራትም ይሞታል። በፀደይ የተተከለው ግን ሥሩን አጽንቶ ይከርማል። እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ የቅርንጫፎቹን ጫፍ መቀንጠስ ቁመቱ እንዲያጥርና እንቡጡ እንዲበዛ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተክሉ እንቡጥ ለመያዝ ስለሚዘጋጅ እጅን መሰብሰብ ይሻላል። የደረቀውን አገዳ እስከ ፀደይ ሳይቆርጡ መተው ለማየት ባያምርም ሥሩን ከውርጭ ይከላከላል።

የዚህ አበባ ጠባይ ኢትዮጵያን የሚነካው በሌላ በኩል ነው። በዋሽንግተን ረዥሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ሲጠጋ አጭሩ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ለምድር ወገብ በምትቀርበው አዲስ አበባ ግን ልዩነቱ በግምት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ክሪሳንቲመም እንቡጥ ለመያዝ የሚፈልገው ጨለማ 10 ሰዓት አካባቢ በመሆኑ በኢትዮጵያ ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ለማበብ ይችላል ማለት ነው። ይህ ለጓሮ ባለቤት በረከት ቢሆንም፣ በስምጥ ሸለቆው ለአውሮፓ ገበያ ከቲንግ፣ ማለትም ሥር እንዲያወጣ የሚላክ የቅርንጫፍ ቁራጭ፣ ለሚያመርቱ የአበባ እርሻዎች ችግር ነው፤ እንቡጥ የያዘ ቁራጭ አይሸጥምና። በዚህ የተነሳ እርሻዎቹ ሌሊቱን በመካከሉ በመብራት እየሰበሩ እናት ተክሎቹ ቅጠል ብቻ እያወጡ እንዲኖሩ ያደርጋሉ።

ከቆቃ አካባቢ በአውሮፕላን ከሚጫኑት ቁራጮች መካከል ፖይንሴቲያም ይገኝበታል። ይህ ተክል በአዲስ አበባ አሮጌ ግቢዎች ከአጥር በላይ ቆሞ ከኅዳር ጀምሮ የሚቀላው ቁጥቋጦ ራሱ ሲሆን፣ በስቶክሆልም ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለፈረንጅ ገና በትንሽ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሲያየው ዘመዱን ላያውቀው ይችላል። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ አዝቴኮች ለማቅለሚያ ይጠቀሙበት ነበር። የዛሬ ስሙን ያገኘው በሜክሲኮ የመጀመሪያው የአሜሪካ መልእክተኛ ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ1828 ገደማ ተክሉን ወደ ደቡብ ካሮላይና ከላከው ከጆኤል ፖይንሴት ነው። አበባ የሚመስለው ቀይ ክፍል ብራክት የሚባል ቀለሙን የለወጠ ቅጠል ሲሆን፣ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያሉት ትናንሽ ቢጫ ፍሬ መሰል ነገሮች ናቸው፤ እነዚህ ከረገፉ ቀዩም ብዙ አይቆይም። ሲገዛ መታየት ያለበትም የቅላቱ ድምቀት ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ቢጫዎች አለመርገፍ ነው።

የግቢው ረዥም ቁጥቋጦና የገበያው ድንክ ተክል ይህን ያህል የተለያዩበት ምክንያት ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ነገር ነው። በገበያ ያለው ፖይንሴቲያ ብዙ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ፋይቶፕላዝማ በሚባል ባክቴሪያ መሰል ረቂቅ ሕዋስ ስለተጠቃ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አረጋግጠዋል። ከዚህ በሽታ የጸዳ ፖይንሴቲያ አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይዞ ወደ ላይ ይመዘዛል። አምራቾች ቁመቱን በመድኃኒት የሚያሳጥሩት ቢሆንም ቅርንጫፉን የሚያበዛላቸው ሕመሙ ነውና፣ ገበያው ሁሉ በታመመ ተክል ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፖይንሴቲያን ለሁለተኛ ዓመት ማቅላት የሚፈልግ ሰው ከኦክቶበር መጀመሪያ ጀምሮ ለስምንት ሳምንታት ያህል በየሌሊቱ ለ14 ተከታታይ ሰዓታት በካርቶን ሸፍኖ ወይም መብራት በማይበራበት ክፍል አስገብቶ፣ ቀን ቀን ወደ ብርሃን ማውጣት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሆኖም የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ከሌላው ዘግይቶ ሊቀላ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተክሉ ከኢትዮጵያው ቁልቋልና ከቅንጭብ ጋር አንድ ወገን በመሆኑ ሲቆረጥ ወተት መሰል ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ ቆዳን ሊያሳክክና ሆድን ሊያስቸግር ቢችልም፣ በብዙ አገር የሚነገርለት ገዳይነት ግን ወሬ ነው።

ሌላው የዚሁ ወቅት የቤት አበባ የገና ቁልቋል በመባል የሚታወቀው ሽሉምበርገራ ነው። ቁልቋል ቢባልም የበረሃ ተክል አይደለም፤ በብራዚል የባሕር ዳርቻ ተራሮች ጭጋጋማ ደን ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍና በዐለት ስንጥቅ ላይ የሚኖር ስለሆነ፣ እንደ በረሃ ቁልቋል በጠራራ ፀሐይ አስቀምጦ ውኃ መንፈግ ያጠወልገዋል። ረዥም ሌሊት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ግን የሌሊቱ ርዝመት ብዙም ሳያሳስበው እንቡጥ ይይዛል። እንቡጥ ከያዘ በኋላ ቦታውን መለዋወጥ ያረግፈዋል።

ለሌሊት ርዝመት ደንታ የሌላቸውም አሉ። ቀን ገለልተኛ ከሚባሉት ከእነዚህ መካከል የቤት ውስጥ አትክልተኞች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የአፍሪካ ቫዮሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 በዛሬዋ ታንዛኒያ የጀርመን ሹም የነበረው ባሮን ዋልተር ፎን ሴንት ፖል ኢሌር በኡሳምባራ ተራሮች ያገኘውን ይህን ተክል ለአባቱ ላከው፤ አባቱም በሃኖቨር የሄረንሃውዘን ንጉሣዊ የአትክልት ቦታ ኃላፊ ለነበረው ለሄርማን ቬንድላንድ ሰጠው፤ እሱም በቀጣዩ ዓመት ለቤተሰቡ መታሰቢያ ሴንትፖሊያ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሎስ አንጀለስ ያሉ አባዦች ከዘር አሳድገው ምርጦቹን ለገበያ ካወጡ በኋላ በአሜሪካ ቤቶች ተስፋፋ። የዘመኑ የዕፀዋት ሊቃውንት ስትሬፕቶካርፐስ ከሚባለው ወገን ጋር ቢያዋህዱትም ባለ አትክልቶቹ የቀድሞ ስሙን አልተዉትም።

የእንክብካቤው ደንብ ሁሉ ከትውልድ ቦታው የሚቀዳ ነው። በደን ጥላ ሥር በእርጥብ ዐለት ላይ የሚበቅል በመሆኑ ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ውኃ ተኝቶበት ይበሰብሳል፤ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ ፀጉራማ ቅጠሉ ላይ ቢፈስ ሕዋሱን ስለሚጎዳው የማይጠፋ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። ለብ ያለ ውኃ ከታች በሳህን ሲሰጠውና በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት የለዘበ ብርሃን ሲያገኝ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። አንድ ቅጠል ከነአገዳው ተቆርጦ በእርጥብ አሸዋ ቢተከልና በላስቲክ ቢሸፈን በሁለት ወር ገደማ ከሥሩ ችግኞች ይወጣሉ። በኡሳምባራ ግን የሚኖርበት ደን እየተመነጠረ በመሆኑ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች የሚገኘው ይህ አበባ በአገሩ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው።

በጓሮ በኩል ከክሪሳንቲመም ጎን የሚቆሙት ወይን ጠጁ አስተርና ዳሊያ ናቸው። ዳሊያ የሜክሲኮ ብሔራዊ አበባ ሲሆን፣ ሌሊቱ ሲረዝም ከመሬት በታች ድንች መሰል ሥር ያበዛል፤ ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ሥሩን ቆፍሮ ውርጭ በማይነካውና በደረቅ ቦታ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ውርጭ በማይደርስበት ደጋ ግን ባለበት መተው ይቻላል።

ከጓሮም ከቤትም የሚቆጠረው ደግሞ ኮልቺከም ነው። ቅጠል ሳይኖረው ከባዶ መሬት ወጥቶ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር የሚያብበው ይህ ሐምራዊ አበባ፣ አምፖል መሰል ሥሩ ያለ አፈርና ያለ ውኃ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እንኳ የወቅቱ ሰዓት ሲደርስ ያብባል፤ አበባው እንዳለፈ ግን ወደ መሬት ካልገባ ለከርሞ አይተርፍም። ለሪህ መድኃኒት የሚሆነው ኮልቺሲን የሚገኘው ከዚህ ተክል ነው። ይኸው ንጥረ ነገር መጠኑ ሲበዛ ይገድላል፤ በፀደይ የሚወጣው ቅጠሉ ለምግብ ከሚለቀመው የጫካ ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል በአውሮፓ በስሕተት የበሉት ሰዎች ሞተዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው በማሽተት ነው፤ የጫካ ነጭ ሽንኩርት ቅጠል በእጅ ሲታሽ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ሲሰጥ፣ ኮልቺከም ግን አይሸትም። ሆኖም ጥቂት ቅጠል ያሸ እጅ ሽታውን ይዞ ስለሚቆይ፣ ለቃሚዎች እያንዳንዱን ቅጠል በየራሱ በታጠበ እጅ እንዲፈትኑ፣ ሕፃናት ባሉበት ቤትም የኮልቺከም ሥር በመደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ ይመከራል።