ከሥዕል ትምህርት ቤት እስከ ካርድ መደርደሪያ

ሥነ ጥበብ ተምሮ የመልካም ምኞት ካርድ የሚሠራን ሰው ብዙዎቻችን ሌላ እንጀራ አጥቶ የተጠጋ አድርገን እናየዋለን። የአሜሪካዊው ቶም ዊልሰን የሥራ ታሪክ ግን ካርድ የራሱ ጥበብ እንዳለው ያሳያል።

ዊልሰን በ1931 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ። በ1950 የጋዜጣ ማስታወቂያዎችን ገጽ በማቀናበር ሥራ ጀመረ። በፒትስበርግ የሥነ ጥበብ ተቋም ተማረ፤ በ1955 ደግሞ ክሊቭላንድ በሚገኘው የካርድ ኩባንያ አሜሪካን ግሪቲንግስ በንድፍ ሠሪነት ተቀጠረ። ኩባንያውን በ1906 የመሠረተው ከፖላንድ የተሰደደው ጄኮብ ሳፐርስታይን ነው። ዊልሰን በ1957፣ ማለትም በገባ በሁለት ዓመቱ፣ የፈጠራ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

ይህን ያህል ቶሎ ለምን ከፍ አለ? መልሱን ለማግኘት ካርዱን ራሱን ማየት ይጠቅማል። በእኛ አገር እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆች አበባና መልአክ ስለው ቤት ለቤት ያድላሉ። ሠዓሊውም መልካም ምኞት ተናጋሪውም ያው ልጁ ስለሆነ፣ መስመሩ ቢንጋደድ እንኳ ያምርበታል። የሱቅ ካርድ ግን ሦስት ሰዎች አሉበት፦ የሚስለው፣ የሚገዛው፣ የሚቀበለው። ገዢው ከመደርደሪያው አንስቶ ከፍቶ ያነባል። «እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር» ካላለ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሠዓሊው ስለማያውቀው ሰው፣ ለማያውቀው ሰው፣ በሌላ ሰው አፍ ይናገራል ማለት ነው።

የመደርደሪያው አሠራርም የራሱ ሕግ አለው። ካርዶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ተደራርበው ስለሚቆሙ፣ ከሩቅ የሚታየው የላይኛው ሲሶ ብቻ ነው። ዋናው ቃል ወይም የሚስበው ፊት እዚያ ካልተቀመጠ፣ ከታች ያለው ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር የሚያየው አይኖርም። በጋዜጣ ማስታወቂያ ቦታ መመጠን የለመደ እጅ እንዲህ ላለው ሥራ ሳይጠቅም አልቀረም፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

በ1960ዎቹ እዚያው ኩባንያ፣ በዊልሰን ኃላፊነት ሥር ሮበርት ክረምብ የሚባል ወጣት ይሠራ ነበር። በኋላ ከመደበኛ አሳታሚዎች ውጭ የሚታተሙ ኮሚክሶችን በመላው ዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው። በብዕር ችሎታ ከዊልሰን የሚበልጥ ይመስለኛል። አለቆቹ ግን ሥዕሉን ለዘብ ያለና ደስ የሚል እንዲያደርገው ይነግሩት ነበር። ክረምብ በሥዕሉ መናገር የሚፈልገው የራሱን ነገር ስለነበር፣ በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ የራሱን መንገድ ያዘ። ማናቸውም አልተሳሳቱም፤ ካርድ ግን የክረምብን ዓይነት ሰው አለቃ አያደርግም።

የዊልሰን ስጦታ ምን እንደነበር ራሱ የፈጠረው ዚጊ የሚባል ገጸ ባሕርይ ይነግረናል። ዚጊ አፍንጫው ትልቅ፣ ራሱ መላጣ፣ ሱሪ የሌለው አጭር ሰው ነው። ሥራው አይታወቅም፤ ዕድል ግን ሁልጊዜ ትከዳዋለች። እንዲህ ባዶ ስለሆነ ማንም የራሱን ብስጭት ያስቀምጥበታል። መጀመሪያ ኩባንያው ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ወጣ፤ በሰኔ 1971 ደግሞ በ15 ጋዜጦች ጀመረ፤ ኋላም በመቶዎች በሚቆጠሩ ጋዜጦች ታተመ።

በ1978 ዊልሰን የፈጠራ ልማት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ቀጥሎም ገጸ ባሕርያትን ለሌሎች ድርጅቶች የሚያከራየውን ንዑስ ኩባንያ መራ። ከዚያ ቤት ከወጡት መካከል ሚዩሪየል ፋሪየን የሳለቻት ስትሮውቤሪ ሾርትኬክና ኤሌና ኩቻሪክ የሳለቻቸው ኬር ቤርስ ይገኛሉ። ሁለቱም በሥዕል ተወለዱ፤ ከዚያ አሻንጉሊት፣ ከዚያም የቴሌቪዥን ፊልም ሆኑ። እዚህ ላይ የኃላፊው ሥራ መሳል መሆኑ ቀርቶ መምረጥ ሆኗል፤ የትኛው ሥዕል የብዙ ሰው ስሜት እንደሚሸከም ማወቅ። ይህን ደግሞ ትምህርት ቤት ያስተምራል ብዬ አላምንም፤ ትምህርት ቤት የሚሰጠው እጅንና ዓይንን ነው።

በ1987 ዚጊን የዊልሰን ልጅ ተረከበና መሳሉን ቀጠለ፤ ዚጊም በጋዜጦች ላይ መታተሙን አላቋረጠም። አባትየው በ2011 አረፈ።