ከንፋስ ስልክ እስከ ጢያ
ስለ አንድ ቀን ጉብኝትና ስለ ሕንድና ኢትዮጵያ ፍልፍል ሕንፃዎች ዝምድና

በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ከሚተላለፍበት ጣቢያ ነው። ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ አልፎ በጀሞና በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ተጎብኝተው የሚመለሱባቸውን ሦስት ጥንታዊ ሥፍራዎች ያገናኛል። እነርሱም መልካ ቁንጡሬ፥ አዳዲ ማርያምና ጢያ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዱን መምራት ብቻ አይደለም። ጎብኚው በአዳዲ ከዓለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ባየ ጊዜ፥ «ይህ ጥበብ ከሕንድ የመጣ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ በልቡ ቢነሣ፥ መልሱ በምን ዓይነት ማስረጃ ሊመዘን እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

መልካ ቁንጡሬ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳር ይገኛል። ሥፍራው ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራር ደከር በተባሉ የሆላንድ ተወላጅ አማካይነት ሲሆን፥ ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን የመሩት ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነበሩ። የድንጋይ መሣሪያ ሠሪዎች ባልጩት ያወጡበት የነበረው ሥፍራ እስከ ዛሬ «ባልጭት» ይባላል። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኒው ዴልሂ በተደረገው ጉባኤ ነው።

አዋሽን ተሻግሮ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከምድር በላይ የቆመ ሳይሆን፥ ዙሪያው ተቈፍሮ ከዓለቱ የተለየ ስለሆነ፥ ጎብኚው የሚደርሰው በመጀመሪያ ወደ ጣራው ነው። ትውፊት ሥራውን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። ቅዳሴ የሚቀደስበት ሕያው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፥ ጎብኚው ጫማውን አውልቆ፥ የካህናቱን ፈቃድ ጠይቆ መግባት ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥለን ወደ ሕንድ እንመልከት። በደካን አገር በኤሎራ ከሚገኙት 34 ዋሻዎች 12ቱ የቡድሃ፥ 17ቱ የሂንዱ፥ 5ቱ የጃይን ሃይማኖት ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፥ ካይላሳ የተባለው የሺቫ ቤተ መቅደስ፥ በ8ኛው ምዕት ዓመት በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን ከአንድ ተራራ ከላይ ወደ ታች ተጠርቦ የወጣ ነው። ኤሎራን በአንድ ቀን የሚጎበኙ ሰዎች የሚነሡበት ከተማ አውራንጋባድ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ተለውጧል። የዚህ ከተማ ቈርቋሪ ግን በሐበሻ ምድር ተወልዶ በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር ነው። እርሱም በ1610 «ኪርኪ» በሚል ስም መሠረተው፤ በ1626 ሲሞት በኤሎራ አጠገብ በኩልዳባድ ተቀበረ።

በሁለቱ አገሮች መካከል ግንኙነት መኖሩ አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ1940 በደብረ ዳሞ ገዳም የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ተገኝቷል። እነዚህ ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ከሌሎች አማልክት ጋር የሺቫን፥ አልፎ አልፎም የቡድሃን ምስል ያስቀርጹ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚመሰክረው ንግድን ነው እንጂ፥ የጠራቢዎችን መምጣት አይደለም። ሰው የባዕድ ገንዘብ ስለ ያዘ የባዕድ እጅ ጥበብ ተምሯል ማለት አይቻልም።

ዝምድናውን ለመመርመር ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ አሠራርንና መልክን። ከላይ ወደ ታች መጥረብ ሁለቱም አገሮች የሚጋሩት አሠራር ነው። ነገር ግን ዓለት የሚፈለፍል ሰው ከላይ ከጀመረ በየደረጃው የሚቆምበት ዓለት ከእግሩ በታች ስለሚቀርለት መወጣጫ እንጨት አያሻውም፤ የተጠረበውም ፍርስራሽ ያለቀውን ሥራ አይቀብርበትም። ስለዚህ የሥራው ጠባይ ራሱ ሁለቱን ወገኖች፥ አንዱ ከሌላው ሳይማር፥ ወደ አንድ መንገድ ሊመራቸው ይችላል። መልክ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከልማድ ይወረሳል። የካይላሳ መልክ በድንጋይ ከሚታነጸው የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደስ የተወሰደ ነው። በላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ደግሞ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ የሚታነጸውን የአክሱም ግድግዳ በዓለት ላይ ቀርጾ ያሳያል። የዚህ የአክሱም አሠራር ሕያው ምሳሌ፥ የዝንጀሮ ራስ ከሚባሉት የእንጨት ጫፎች ጋር፥ ቆሞ የሚታየው ያው የኩሻን ገንዘብ በተገኘበት በደብረ ዳሞ ነው። እንግዲህ በአንድ ገዳም ሁለት ምስክሮች ቆመዋል፤ ወርቁ ስለ ባሕር ማዶ ንግድ ሲናገር፥ ግድግዳው ስለ አገሩ አናጢና ግንበኛ ይናገራል።

የቀኑ መጨረሻ ጢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ 36 ሐውልቶች ሲኖሩ፥ ከእነርሱ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ምልክት ቅርጽ አለባቸው። ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን በሥራቸው የተገኙት መቃብሮች፥ ሐውልቶቹ በ16ኛው ምዕት ዓመት ከተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነት የቀደሙ መሆናቸውን አስረድተዋል። የአገሬው ትውፊት ለታወቀ ጦረኛ፥ የጎብኚው ግምት ለታወቀ ሩቅ አገር ሲሰጥ፥ በሁለቱም በኩል የሚጠፋው ስሙ ያልተጻፈው ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ተማሪው በዚህ መንገድ ሲሄድ የሚሰማውን ትውፊት በጥንቃቄ ይጻፍ፤ ትውፊት ሕዝቡ ስለ ሥፍራው ምን እንደሚያስብ የሚያሳይ እውነተኛ ማስረጃ ነውና። ሥራው የማን እንደ ሆነ ለመፍረድ ግን የመጥረቢያውን ፋና፥ የበሩንና የመስኮቱን ቅርጽ፥ የመቃብሩንም ዘመን ይጠይቅ። ከሕንድ ጋር ያለን የቆየ ዝምድና የሚከበረው በእውነተኛው ምስክር፥ በደብረ ዳሞ ወርቅና በማሊክ አምባር መቃብር ሲጸና ነው፤ የአዳዲን ጠራቢዎች ድካም ለሌላ በመስጠት አይደለም።